ረውዳን የሚያውቅ ሰው ጠፋ

ሰኔ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቡልጋሪያ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር የሠራተኞች ደኅንነት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የምትታወቅ ልጅ ትታወቅልን ዘንድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎን ያልጻፍኩት ከንቀት አይደለም፤ በቢሮዎ በር ላይ ስላልተጻፈና የጠየቅኳቸው ሁሉ «ኃላፊው» ከማለት በቀር ሌላ ስለማያውቁ፣ ከጥንቃቄዎ ጋር ለመተባበር ብዬ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉም በላይ ያን ሁሉ ፋይል የሚያገላብጡበት አውራ ጣትዎ ደኅና ነው? ቤተሰብዎ፣ ካሉዎትም ጎረቤቶችዎ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም የታመመው በእርስዎ ደረጃ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ስመላለስ ሊፍቱ ሲሠራ አንድም ቀን አላየሁትም፤ ይህም ለደኅንነት ሲባል እንደሆነ ተረድቼ ዝም ብያለሁ።

ተካ ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ፣ የካዛንቺስ ሰፈራችን እድር ጸሐፊ የሆንኩ፣ ሰፈሩ ለልማት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ እዚህ ቡልጋሪያ ልጄ ዘንድ የተጠጋሁ ሰው ነኝ። ፋይል እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ሲያንኮራፋም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ስለማውቅ፣ ይህን ስጽፍ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ አንድ የሙያ ወንድም ይቁጠሩኝ።

የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ልጅ ስለ ረውዳ ሙክታር ነው። ረውዳ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ነፍሳቸውን ይማረውና ባለሱቅ ነበሩ፤ እሷ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረች። ባለፈው ጥቅምት አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አውሮፕላኖች ከመሬት ጋር የሚነጋገሩባቸውን መሣሪያዎች የሚጠግን ሰው ፈልጎ ቢያወዳድር፣ ከመቶ አሥራ ስድስት ተፈታኞች አንደኛ ወጣች። መሥሪያ ቤቱም «የደኅንነት ማጣሪያሽ እንዳለቀ ትጀምሪያለሽ» ብሎ ቦታዋን ያዘላት። የያዘላት ግን እስከ ሰኔ 30 ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ይሰጣል። ዛሬ ሰኔ 22 ነው። ማጣሪያው የተጀመረው ኅዳር ላይ ስለሆነ ዘገያችሁ ብዬ አላማም፤ ኅዳር ላይ የተረገዘ ልጅም የሚወለደው ነሐሴ ነው፣ ከተፈጥሮ ፍጠኑ የሚል ጡረተኛ የለም። ረውዳ እስከዚያው ወሎ ሰፈር አንድ ሞባይል ቤት ጥግ ተቀምጣ በማጉያ መነጽር የሰው ስልክ እየጠገነች ትጠብቃለች።

ነገሩ እንዳይጣመም አንድ ነገር አስቀድሜ ላስመዝግብ፤ ማጣራቱን አልቃወምም። ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን ከመሬት ማን እንደሚያናግረው መታወቅ አለበት፤ እኔም ተሳፋሪ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ቅሬታ የሚባለውን ቃል ግን በእርስዎ ፊት ለመናገር ስላልደፈርኩ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. አጣሪዎ በአካል ድረስ ስለመገኘቱ።

ቅጹ አመልካች የኖረችበትን አድራሻ ይጠይቃል። ረውዳም ተወልዳ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችበትን፣ ካዛንቺስ የቤት ቁጥር 417ን ጻፈች፤ ከሥሩም «ሰፈሩ ስለተነሣ አሁን ገላን ነው ያለነው» ብላ አከለች። አጣሪዎ፣ ትሑት ወጣት ነው፣ አልዋሽም፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ሁለተኛውን ሳያነብ ጥር ላይ ወደ ካዛንቺስ ወረደ። እዚያም የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የአበባ መደብና የመንገድ መብራት አገኘ። ማማሩን እኔም እመሰክራለሁ። የእኔ ጓዳ በነበረበት ቦታ ላይ አሁን አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሄጄ ተቀምጬበታለሁ፤ ጓዳዬ በሕይወቱ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።

በአካባቢው የተገኘው ብቸኛ የሰው ፍጥረት የአበባው ጥበቃ ታዲዎስ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ከመጣ ገና ሁለት ወሩ። ረውዳ ሙክታር የምትባል ታውቃለህ ወይ ተባለ፤ አላውቅም አለ። ታዲያ እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ ሲባልም፣ እኔ ስመጣ ማንም አልነበረም ብሎ እውነቱን ተናገረ። አጣሪዎም ቢሮው ተመልሶ የሚከተለውን ጻፈ፤ ፋይሉ ፊቴ በተከፈተ ጊዜ በጡረተኛ ዓይኔ ገልብጬ አንብቤዋለሁ፦ «አመልካቿ በጠቀሰችው አድራሻ አትታወቅም። በተጨማሪም ቁጥራቸው በውል ካልታወቀ ግለሰቦች ጋር በአንድ ጊዜ አካባቢውን ለቃ መሰወሯ ተደርሶበታል።»

ክቡር ሆይ፣ ከተሰወሩት ግለሰቦች አንዱ እኔ ነኝ። የተሰወርነው ቁም ሣጥን ጭነን፣ ድመት ታቅፈን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንግሥት በመደበልን የጭነት መኪና ነው። መኪናው ላይ ቦታ ጠብቦን ስለነበር ከመሰወራችን በፊት ትንሽ ተጨቃጭቀናል፤ ይህም ይመዝገብልን።

2ኛ. የአቶ ጉርሜሳን ዝምታ ስለመተርጎማችሁ።

ቅጹ ሦስት ጎረቤት ምስክሮች ይጠይቃል። አንደኛው ጉርሜሳ ነው፤ እዚሁ ቡልጋሪያ ጋራዥ ያለው፣ የድሮ የግድግዳ ተጋሪያችን። ጉርሜሳ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ መንታ የወለደች ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ምን ተገኘ ብሎ ሲጠይቀው «ሁለት ናቸው» ብሎ ወደ ሥራው የተመለሰ ነው። አጣሪው ስለ ረውዳ ሲጠይቀው «ጥሩ ልጅ ናት» አለ። ሌላስ ሲባል «በቃ፣ ጥሩ ልጅ ናት» አለ። ጉርሜሳን የሚያውቅ ሰው ይህ ለእሱ ሦስት ሰዓት የፈጀ ንግግር መሆኑን ይረዳል፤ እኔ ባወቅኩት ሠላሳ ዓመት ውስጥ ጥሩ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ረውዳንና የድሮ ቶዮታ ሞተርን። በፋይሉ ላይ የሰፈረው ግን እንዲህ ይላል፦ «ምስክሩ ዝርዝር መረጃ ከመስጠት ተቆጥበዋል፤ የሚያውቁት ነገር ሳይኖር አይቀርም።» የዝምታን ቋንቋ የሚያነብ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ኮርተናል።

3ኛ. የእኔን ምላስ በአራት መስመር ስለመግታታችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ መተንፈስ አለብኝ፤ ሁለተኛው ምስክር እኔ ስለሆንኩ ይህኛው ምስጋና ራሴን ይነካል።

በሰፈራችን ስለ ሰው የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ለጋብቻም ይሁን ለሥራ ዋስትና ወይም ለቤት ኪራይ፣ ወደ እኔ ነበር የሚላከው። ጠያቂን መመለስ ደግሞ ደንብ አለው። ልጅቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወደስናት እንደሆነ ጠያቂው «ይሄ ሽማግሌ ወይ ዘመዷ ነው፣ ወይ ከሰፈር ሊገላገሏት ቸኩለዋል» ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከምስጋናው በፊት አንዲት እንከን እናስቀድማለን። ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማትጎዳ እንከን ትሆናለች፤ ወጥ ያለ ጨው እንደማይጣፍጥ ምስክርነትም ያለ እንከን አይታመንም። «ልጁ ትንሽ እንቅልፍ ይወዳል እንጂ» ብዬ ጀምሬ የመሰከርኩለት ጎረምሳ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ እንቅልፉም ለቆታል። በዚህ ዘዴ አሥራ ሰባት ትዳር አቁሜያለሁ፤ የፈረሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እንከኑን የረሳሁት ነው።

አጣሪው ወረቀቱን ዘርግቶ «አባት፣ ስለ ረውዳ ምን ያውቃሉ?» ሲለኝ ልማዴ ቀደመኝ። ረውዳ እጇ አያርፍም፣ ብዬ ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እኔ ለቅዳሴ ዑራኤል በሄድኩበት ሬዲዮኔን ከመስኮት ላይ አውርዳ፣ በቢላ ጫፍ ፈታታ፣ ሆድ ዕቃውን በሙሉ ጋዜጣ ላይ አስጥታው ደረስኩ፣ አልኩት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ደስ ብሎኝ እቀጥላለሁ። ወደ ምስጋናው ልሻገር፣ ማለትም ከመምሸቱ በፊት መልሳ እንደገጠመችው፣ ከዚያ በፊት ጉሮሮውን ያመመው ይመስል የነበረው ሬዲዮ ጥርት ብሎ እንደተናገረ፣ እስከ ዛሬም እንደሚሠራ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ቴሌቪዥንና ካውያ ሁሉ ቤቷ ሲሰለፍ ከማንም ምንም እንዳልተቀበለች ልናገር አፌን ስከፍት፣ አጣሪው እጁን አነሣና «አባት፣ ይቅርታ፣ ቦታው አልቋል» አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ። ለምስክር ቃል የተመደበው አራት መስመር ነው፤ አራቱንም የሞላው እንከኑ ነው።

የተጻፈውም ይህ ነው፦ «አመልካቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ የመገናኛ መሣሪያ ባለቤቱ በሌለበት የመፈታታት ልማድ እንዳላት የቅርብ ጎረቤቷ አረጋግጠዋል።»

ፈረምኩ። መነጽሬን ስላልያዝኩ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክርም፣ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልጁ ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ጨዋ ለመምሰል ቸኮልኩ። ፊርማዬ ያምራል፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የታሸ ፊርማ ነው። ከፈረምኳቸው ሺህ ወረቀቶች ግን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ብቻ ነው። ለረውዳ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳቀች። «ጋሽ ተካ፣ የተረፈችዋን ብሎን ግን አልነገሯቸውም አይደል?» አለችኝ። ለካ ያኔ ሬዲዮኑን ስትገጥም አንዲት ብሎን ተርፋት ደብቃት ኖሯል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ! እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ግን የስልኳን ሽፋን እያወለቀች መልሳ ትከት ጀመር፤ አወለቀች፣ ከተተች። እጇ አያርፍም ብዬ የለም?

4ኛ. ለአንዲት ልጅ ሁለት እናት ስላገኛችሁላት።

ሦስተኛዋ ምስክር ወይዘሮ ትርሓስ ናቸው። ረውዳ በተወለደች በሳምንቷ እናቷ በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሁለት ወር ቆየች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርሓስ የመጨረሻ ልጃቸውን ያጠቡ ነበር። ረውዳን ከአባቷ እጅ ተቀብለው አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ አድርገው ሁለቱንም አሳደጉ። አባቷ ሙክታር ጎረቤታቸውን ለማመስገን ቃል አጥተው በየዓመቱ ዒድ ሲሆን የመጀመሪያውን ሳህን ወደ ትርሓስ ቤት ይልኩ ነበር፤ ትርሓስም በፋሲካ ለሙክታር ቤት የሚሆን ዶሮ በሙስሊም እጅ ያሳርዱ ነበር። ልጅቷም «እማ ትርሓስ» እያለች አደገች። እኛ ሰፈር ይህ ወሬ እንኳን አይደለም፤ እንደ ውኃ ቧንቧው የጋራ ነበር።

አጣሪው ወይዘሮ ትርሓስን ረውዳን እንዴት ያውቋታል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዞር ብለው አይተውት «ካጠባኋት ልጅ ጋር ልታስተዋውቀኝ ነው የመጣኸው?» አሉት። ከዚህ በላይ ምስክርነት በየትኛው አገር እንዳለ አላውቅም። ክፍልዎ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ምስክሯ የጡት እናት በመሆናቸው በዝምድና ምክንያት ምስክርነታቸው ውድቅ ሆኗል» አለ። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ «አመልካቿ በቅጹ ተራ ቁጥር 12 ላይ አንዲት እናት ብቻ በመሙላት ሌላኛዋን መደበቋ ተረጋግጧል» አለ። ረውዳ ለምን እናት እንደደበቀች በጽሑፍ እንድታስረዳ ታዘዘች። እሷም ቅጹ ላይ ለእናት የተተወው መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው ብላ አስረዳች። መልሱ፣ የጡት እናቲቱ በአካል ቀርበው ያብራሩ የሚል ሆነ።

ወይዘሮ ትርሓስ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ የልብ ሕመምም ነበረባቸው። ከገላን ተነሥተው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ መስቀል አደባባይ ወርደው፣ ከዚያ በእግራቸው ቢሮዎ ድረስ መጡ። በመጀመሪያው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። በሁለተኛው ቀን እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አብሬያቸው ስለነበርኩ ይህን ማንም ሊያጣራብኝ አይችልም፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው «ተካ፣ እናት መሆኔን ለመናገር ይሄን ያህል ደረጃ አለው እንዴ?» አሉኝና ሳቁ። ሦስተኛው ቀጠሮ ለግንቦት 28 ተሰጠ። ግንቦት 26 ሌሊት ዐረፉ። የገደላቸው ልባቸው ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል፤ በፋይላችሁ ላይ ሞት አልጭንም። ሰኔ 4 ቀን ግን ረውዳ ከክፍልዎ አንድ ደብዳቤ ደረሳት፦ «የተጠሩት ግለሰብ ያለ በቂ ምክንያት በቀጠሯቸው ባለመቅረባቸው ጉዳዩ በእንጥልጥል ላይ ይገኛል።»

5ኛ. ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። የወይዘሮ ትርሓስ ቦታ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ድንኳኑ ገላን ተተከለ። እድራችን አልተበተነም፤ ሰፈሩ ሲነሣ እኔ መዝገቡን በጉያዬ ይዤ ነው የወጣሁት። እኔ ስልክ ደወልኩ፣ ሌሎችም ደወሉ፣ እና አጣሪዎ ያጣቸው፣ ቁጥራቸው በውል ያልታወቀው እነዚያ ግለሰቦች ከየአቅጣጫው መጡ። ከአቃቂ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከሰሚት፣ ስሙን ገና ካላወቅነው የጋራ መኖሪያ ሳይት ሁሉ መጡ። ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ጎረቤታሞች ድንኳን በር ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱት ለሟቿ ይሁን ለሰፈሩ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ረውዳ ማልዳ መጥታ የድንኳኑን መብራት ዘረጋች፣ የሚንጫረረውን ድምፅ ማጉያ ጠገነች፣ ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ የሟች ልጆች በሚቀመጡበት ከወንዶቹ ልጆች ጎን ተቀመጠች። ያቺ ማናት፣ ለምን እዚያ ተቀመጠች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አጣሪዎን የዚያን ቀን ወደ ድንኳኑ ልከውት ቢሆን ኖሮ፣ አራት መስመር ያለው ቅጽ ሳይሆን አንድ ደስጣ ወረቀት ባስፈለገው ነበር።

በሠልስቱ ዕለት እኔ አንድ ወረቀት አወጣሁና ከላዩ ላይ «ረውዳ ሙክታርን እናውቃታለን» ብዬ ጽፌ አዞርኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ከነድሮ የቤት ቁጥሩ ፈረመ። አንዳንዱ ፊርማ ብቻ አልበቃው ብሎ ጨምሯል፤ አንዷ «ቴሌቪዥኔን በገዛ እጄ ሰጥቻት ነው የፈታታችው» ብላለች። ጉርሜሳ ወረቀቱን ከማንም በላይ ረጅም ጊዜ ይዞ ቆየ። ሲመልስልኝ ባየው «በጣም ጥሩ ልጅ ናት» ብሎ ጽፏል። «በጣም» የምትለዋን ከየት እንዳመጣት እግዜር ይወቅ፤ ለማውጣት ግን ምን ያህል እንደታገለ እኔ አይቻለሁ። ይህን ወረቀት ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር ሰኔ 8 ቀን ለመዝገብ ቤትዎ ገቢ አድርጌ ማኅተም ተቀብያለሁ።

አሁን የምለምነው ትንሽ ነው። ረውዳ ጥፋት ካለባት ጥፋቷ ተጽፎ ይሰጣትና ትወቀው፤ እኛም እንወቀው። ከሌለባት ግን ከሰኔ 30 በፊት አንድ መስመር ይጻፍላት። ቦታው ለሌላ ቢሰጥ እንኳ ያ «አትታወቅም» የሚለው ቃል ከፋይሏ ይውጣ፤ ምክንያቱም ፋይል ከሰው በላይ እንደሚኖር፣ ነገ ሌላ በር ስታንኳኳም ቀድሟት እንደሚደርስ ሠላሳ ሁለት ዓመት አይቻለሁ። እንከኑንም እኔው አወጣሁት፣ እኔው እመልሰዋለሁ፤ ስለ ሬዲዮኑ የሰጠሁት ቃል ተሽሮ፣ እፊቴ ተቀምጦ ዜና የሚያነብልኝ ሬዲዮ ራሱ ቀርቦ ይመስክር። ደረጃውን ተሸክሜው እወጣለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ እናንተ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ አላሳፍራችሁም። በሰፈራችን ደንብ መሠረት እንከኗን አስቀድሜ እንዲህ እላለሁ፦ መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ሰው አያውቅም እንጂ፣ ወርቅ ነው።

እንግዲህ ለአውራ ጣትዎ ብርታት፣ ለሊፍትዎ ትንሣኤ፣ ለበርዎም አንድ ቀን ስም እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዬ ባይነበብ እንኳ በሥርዓት እንደሚታሰር ሙሉ እምነት ያለኝ፣ ትሑት አገልጋይዎና ዝነኛ ተሰዋሪ

ተካ ወልደ ሰንበት
የእድር ጸሐፊ፣ ቀድሞ ካዛንቺስ የቤት ቁጥር 415
(ፊርማ፣ በዚህ ጊዜ በመነጽር ተነብቦ የተፈረመ)

ግልባጭ፦
ለአበባው ጥበቃ ለአቶ ታዲዎስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሰኔ 23፦ ትናንት ይህን ደብዳቤ አጣጥፌ ሳልጨርስ ለሰኔ 8ቱ ወረቀት ከክፍልዎ መልስ ደረሰኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ፈራሚዎች እያንዳንዳቸው በጻፉት የቀድሞ አድራሻ በአካል እንዲጣሩ መታዘዙን፣ አጣሪውም ሐሙስ ሰኔ 25 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ካዛንቺስ እንደሚወርድ ይገልጻል። ትእዛዝዎን በደስታ ተቀብለን ተደዋውለናል። ሐሙስ ጠዋት እያንዳንዳችን በየቤታችን እንገኛለን። ጉርሜሳ በሜትር ለክቶ፣ ዝናብ በሚያጥበው ጠመኔ በየበራችን ቁጥር ይጽፋል፤ ታዲዎስም አበባው እንዳይረገጥ ካስማማን በኋላ ተባባሪያችን ሆኗል። ረውዳን ወስጄ አስተዋውቄዋለሁ፤ የእጅ ባትሪውን ጠገነችለት፤ ስለዚህ ዳግም ቢጠየቅ ያውቃታል። ስብሰባ ነው ብሎ የሚጠራጠር ካለ ስብሰባ አይደለም፤ ሁላችንም ቤታችን ውስጥ ነን፣ የጎደለው ግድግዳው ብቻ ነው። ብስክሌት ሲመጣም ሳሎናችንን እንለቃለን።

የወይዘሮ ትርሓስ በር 416 ነው፣ እሱ ባዶ ይሆናል፤ አጣሪው በዝግታ ይለፈው። 417 ላይ ረውዳ ትቆማለች። እባክዎ ሳያንኳኳ እንዳይገባ ይንገሩልኝ። ሲያንኳኳ «ማን ነው?» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ስሙን ይናገር። እኛ የማናውቀው ሰው ሲመጣ አስቀድመን ስሙን እንጠይቃለን።